ሱሉልታ ጠፍታ ነበር እንዴ?

ሰሞኑን ከየአቅጣጫው የምሰማት አንዲት ቃል ጆሮዬን እያሳከከችኝ ነው፤ “አገኘን” የምትል። “የማይታወቅ ቦታ አገኘን!” ይላል ሰውዬው ሰኞ ጠዋት ቢሮ ገብቶ ኮቱን እንኳ ሳይሰቅል። የት? ሱሉልታ። ሌላው ደግሞ ሰበታን አግኝቷል። ሦስተኛዋ ከእነሱ ላለማነስ ቡራዩን “ዲስከቨር” አድርጋ መጥታለች፤ ገፈርሳ ውኃ ዳር የተነሣችውን ፎቶ ለማሳየት ስልኳ ከእጅ እጅ ሲዞር ይውላል። እኔ የምለው፣ እነዚህ ከተሞች ጠፍተው ነበር እንዴ? ማን ነው አፋልጉኝ ብሎ በሬዲዮ ያስነገረው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አራት አምስት ጓደኛሞች አንድ መኪና ውስጥ ይታጨቃሉ። እንጦጦን ይሻገራሉ። የሱሉልታ ሜዳ ብቅ ሲል መስኮት ይከፈታል፤ “ኧረ አየሩ!” ይባላል። ፈረስ ይጋለባል። ጥብስ ይታዘዛል። ላም አጠገብ ይቆማል፣ ላሟ ፈቀደችም አልፈቀደችም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወደ ቦሌ ይወረድና ቀኑ “በእስያ ምግብ” ይዘጋል፤ ኑድል፣ ሱሺ፣ ወይም ጠረጴዛው መሃል ላይ የሚንተከተከው የቻይና ድስት። እሁድ ደግሞ በጅማ መንገድ ሰበታ፣ ጉልበት ካለ ሱባ ደን፣ ማታ የኮሪያ ወይ የሕንድ ቤት። ሰኞ ሲነጋ ሰውዬው ቫስኮ ዳ ጋማን ሆኖ ቢሮ ይገባል።

መዝናናትን የምቃወም እንዳይመስላችሁ። ሳምንቱን ሙሉ አቧራና ጭስ ሲምግ የሰነበተ ሰው ሣር ላይ ልተኛ ቢል ማን ይከለክለዋል? ከወዳጅ ጋር አብሮ መብላት፣ ሥራ ፈትቶ መሳቅ፣ መንገድ ስቶ አዲስ መንደር ውስጥ መግባት፣ ይኼ ሁሉ የተባረከ ነገር ነው። ጠቤ ከመዝናናቱ ጋር ሳይሆን ከዓይኑ ጋር ነው። ሣሩን አይቶ አጫጁን ከማያይ፣ ፈረሱን አይቶ የፈረሱን ልጅ ስም ከማይጠይቅ ዓይን ጋር።

እስቲ “ያገኘናቸውን” ከተሞች አንድ በአንድ እንያቸው።

ሰበታ ከአዲስ አበባ መሃል ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ለአስርተ ዓመታት ፊደል የቆጠሩበት የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት እዚያ ነው ያለው። የዓሣ ምርምር ማዕከሉ እዚያ ነው። በ1950ዎቹ የተቋቋመው የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካም እዚያ ነው። ፋብሪካው በ2004 ዓ.ም. ለእንግሊዙ ዲያጂዮ ተሸጠ፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ቢጂአይ ዞረ። ስንቱ አዲስ አበቤ ነው ዕድሜ ልኩን ሜታ ሲጠጣ ኖሮ፣ ሰበታን ሲጠጣ መኖሩን ሳያውቅ ዛሬ ሄዶ “አገኘኋት” የሚለው? በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጅቡቲ የባቡር ሐዲድ የሚነሣው ከዚሁ ከሰበታ ነው። ከተማዋን ከባሕር ጋር የሚያገናኝ ሐዲድ ተዘርግቶባት ስታበቃ፣ እኛ በቅዳሜ መኪና ሄደን አገኘናት!

ሱባ ደንም ቢሆን ብቻውን የበቀለ እንዳይመስላችሁ። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል፤ አምስት መቶ ዓመት ያለፈው ታሪክ ነው። ጥዱን እስከ ዛሬ ያቆየው እሁድ እሁድ የሚመጣው ጎብኚ ሳይሆን ጠባቂውና የአካባቢው ሰው ነው፤ ማገዶ እያማረው እያለፈው።

ወደ አምቦ መውጫ ላይ ያለችው ቡራዩ ናት። በ1969 ዓ.ም. ለሶማሊያ ጦርነት ከየገጠሩ የተሰበሰበው ሚሊሺያ የሰለጠነበት ታጠቅ ጦር ሰፈር በዚሁ መንገድ ነው። ከዚያ ሜዳ ተነሥተው ኦጋዴን ከዘመቱት ስንቶቹ እንደተመለሱ የሚያውቅ እናታቸው ናት። ገፈርሳ ግድብ ደግሞ ፎቶ መነሻ ከመሆኑ በፊትም ሆነ ዛሬ ሥራው አዲስ አበባን ማጠጣት ነው። ታዲያ ውኃው ወደ ከተማ ሲወርድ ቡራዩ ውስጥ ቢጫ ጄሪካን አንጠልጥሎ የሚዞር ሰው ማየት ብርቅ አይደለም። ግድቡ ዳር ቆማችሁ ፎቶ ስትነሡ ከኋላችሁ ጄሪካን የተሸከመች ሴት ብታልፍ “እባክሽ ትንሽ ዘወር በይልን” እንዳትሏት ብቻ።

ሱሉልታ። የጎጃም መንገድ ላይ እንደመሆኗ ከዚህች ከተማ ያላለፈ የጎጃም ነጋዴ፣ የጎጃም ተማሪ፣ የጎጃም ዘማች የለም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ተራራ ወደ ፍል ውኃ ስትወርድ፣ ከተራራው ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ ሰው ያርስ፣ ከብት ያረባ፣ ድርቆሽ ያጭድ ነበር። ዛሬም ያጭዳል። የከተማችን የወተት ላሞች ክረምት ከበጋ ሳይራቡ የሚያድሩት በማን ድርቆሽ ይመስላችኋል? ጠዋት ማኪያቶ ላይ የሚፈሰው ወተትስ? ከባሕር ጠለል በላይ ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ሜትር ገደማ ከፍ ያለችው ይህች ቀዝቃዛ አገር አትሌቶቻችን ሳንባቸውን የሚያሰለጥኑባት ናት፤ ቀነኒሳ በቀለም የልምምድ ማዕከል ያስገነባው እዚያ ነው። ሯጮቹ በውርጭ ተነሥተው በአስፋልቱ ጠርዝ ሲሮጡ፣ ማታውን እዚያው ሲጠጣ አምሽቶ ያደረው “አግኚ” ዓይኑን እያሻሸ መኪናውን ያስነሣል። የእንጦጦን ጠመዝማዛ በዚያ ዓይን መውረድ መዝናናት ነው ከተባለ፣ እኔ ቃሉን አላውቀውም ማለት ነው።

ሱሉልታ የታሸገ ውኃ ፋብሪካዎችም አሉባት። ውኃው ከሱሉልታ ከርሠ ምድር ይወጣል፣ በላስቲክ ይታሸጋል፣ አዲስ አበባ ይወርዳል፣ በመኪና ሻንጣ ተጭኖ ቅዳሜ ወደ ሱሉልታ ይመለሳል፣ ተጠጥቶ ባዶው “ሃይላንድ” ሜዳው ላይ ይወረወራል። እንዲህ ዓይነት ዑደት በሳይንስ መጽሐፍ አላነበብኩም። የሱሉልታ ገበሬ ድርቆሹን ሲያጭድ ከሣሩ ጋር ፌስታል ያጭዳል፤ ፌስታሉን ላሟ ትበላለች፤ ላሟ ስትታመም የተዝናናው ሰው የለም። ቤቱ ሄዷል።

አሁን ደግሞ “ዊኬንድ” ስለሚባለው ነገር ትንሽ እናውራ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን፣ ቁጥር 1156/2011ን፣ ገለጥ አድርጋችሁ ብታዩት መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ስምንት፣ በሳምንት ከአርባ ስምንት የማይበልጥ ነው። አርባ ስምንትን ለስምንት አካፍሉት፤ ስድስት ቀን ይመጣል። ሕጉ ለሠራተኛው ያስቀረለት የሳምንት ዕረፍት ያልተቋረጠ ሃያ አራት ሰዓት ነው። አንድ ቀን! ቅዳሜና እሁድ ሁለቱንም ቀን የሚያርፈው የመንግሥት ቢሮ፣ የባንክ ሰውም በከፊል፣ የድርጅት ሰውና የራሱ ጌታ የሆነው ነው። በሰበታ ፋብሪካ የሚሠራው፣ በአበባ እርሻው ላስቲክ ቤት ውስጥ የምትቆርጠው፣ ቅዳሜ ቀን እናንተ “አየሩ!” ስትሉ ሥራ ላይ ናቸው።

የቤት ኪራይ ከአዲስ አበባ ገፍቶ ቡራዩ ያደረሳትን ሴት አስቧት። በሥራ ቀን ሌሊት ተነሥታ ከአሸዋ ሜዳ ታክሲ ሰልፍ ትይዛለች፤ ማታ ሰልፍ ይዛ ትመለሳለች። እሁዷ የሚያልቀው በልብስ አጠባ፣ ውኃ በመቅዳት፣ ሽሮ በማስፈጨት፣ ለቅሶ በመድረስ ነው። እሷ ከተማ ውስጥ የምትሠራው ምናልባት አስተናጋጅነት ይሆናል። ምናልባትም ቅዳሜ ማታ በሁለት እንጨት ኑድል ለመጎተት ስትታገሉ ፈገግታዋን ውጣ ሹካ ያቀበለቻችሁ ልጅ እሷ ናት። እናንተ ከሰዓት በኋላ “ያገኛችሁት” ቦታ ማታ በአራት ሰዓት የምትገባበት ሠፈሯ ነው። በአራት ሰዓት ደግሞ ታክሲ የለም።

“ዋጋ ይቆልሉብናል እኮ!” የሚለውን ስሞታ ሰምቼዋለሁ። ለፈረስ ይህን ያህል፣ ለእርጎ ይህን ያህል፣ መኪና ለመጠበቅ ይህን ያህል። እሺ፤ ማታ ቦሌ የእስያው ቤት ሒሳብ ሲመጣስ? አሥራ አምስት በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ አሥር በመቶ “ሰርቪስ”፣ አንድም ሰው ትንፍሽ አይልም። እንዲያውም ሒሳቡን ለመክፈል መገፋፋት አለ፣ “እኔ ልክፈል፣ በሞቴ፣ አንተማ አትከፍልም!” ከአሥራ አራት ዓመት ልጅ ጋር ለአንድ ዙር ፈረስ ሩብ ሰዓት የተከራከረው ይኸው ሰው ነው። ጉልበቱ የበረታው ልጁ ላይ ብቻ።

ስለ እስያ ምግብ ካነሣን አይቀር፣ እዚህም ላይ “ማግኘት” አለ። “አዲስ አበባ የእስያ ምግብ ገባ” ይሉናል። ኧረ ተዉ! ሳምቡሳ ከየት የመጣ መሰላችሁ? ከእስያ አይደል እንዴ በዓረብና በሕንድ ነጋዴ አማካይነት ተሻግሮ፣ በጾም ምስር፣ በፍስክ ሥጋ ተሞልቶ ዜግነት ያገኘው? የመን ራሷ እስያ ውስጥ ናት፤ የመኖቹ በየሠፈሩ ሱቅ ከፍተው ስኳርና ሳሙና ሲሸጡልን፣ ልጆቻችን “ዓረብ ቤት ልላክ” ሲሉ፣ ማንዲ ሲያበሉን፣ ማንም “ዛሬ የእስያ ምግብ በላሁ” ብሎ አልፎከረም። ዝንጅብሉ፣ እርዱ፣ ቁንዶ በርበሬው፣ ሻዩ፣ ሁሉም ከዚያው ወገን መጥቶ ጓዳችን የገባ ነው። የፎገራ ገበሬ ሩዝ መዝራት የጀመረው በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ባመጡት ዘር መሆኑ ይነገራል። ዛሬ ከሩዝ እንጀራ የሚጋግረው ሕዝብ “እስያን ቀመስኩ” ቢል ያምርበታል። በየኪዮስኩ የተንጠለጠለው ኢንዶሚም አለ። የወንደላጤው እራት የሆነ ምግብ ቦሌ ላይ በትልቅ ሳሕን ሲቀርብ ነው “ግኝት” የሚሆነው።

ይህን ያህል ዘመን አብረውን ከበሉት ሰዎች ጋር ግን ምን ያህል ተዋወቅን? በንጉሡ ጊዜና ከዚያም በኋላ በየክፍለ ሀገሩ ሒሳብና ፊዚክስ ያስተማሩን ሕንዶች ነበሩ። እንግሊዝኛቸውን ለመቅዳት ስንስቅ ኖርን እንጂ ስንቶቻችን ነን ቤታቸው ምን እንደሚበሉ የጠየቅን? ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ኮሪያ ዘምተው ከ120 በላይ የሚሆኑት እዚያው ወድቀዋል። መታሰቢያቸው አፍንጮ በር ቆሟል። ከተማ ውስጥ “ግኝት” ለሚፈልግ ሰው ከዚያ የቀረበ የት ይገኛል? ኮሪያ ቤት ገብቶ ኪምቺ እያኘከ “ይኼ ነገር እንደ እኛ ዳጣ ያቃጥላል” የሚለው ወጣት፣ አያቱ ምናልባት ያንን ጎመን በዘመቻ እንደቀመሰ ሳያውቅ ሒሳብ ከፍሎ ይወጣል።

በጣም የሚያሳፍረኝ ግን ከምግብ ቤቱ በር ውጪ ያለው ነው። ውስጥ ቁጭ ብለን እንጨቱን እንዴት እንደሚይዙ እርስ በርስ እንማማራለን። ስንወጣ በመንገድ የሚያልፈው እስያዊ ሁሉ “ቻይና! ቻይና!” ነው። ኮሪያዊ ይሁን ጃፓናዊ፣ ፊሊፒናዊ ይሁን ቬትናማዊ፣ ሐኪም ይሁን ሰባኪ ግድ የለንም። ሕፃን ቢጮህ ሕፃን ነው፤ ያኛው ግን ጢም ያለው ነው የሚጮኸው። ሰበታ ላይ ሐዲዱን የዘረጉት ቻይናውያን ከአገራቸው ርቀው በካምፕ ሲኖሩ፣ መንገድና ሐዲድ በተሠራበት ሁሉ “ውሻ ጠፋ” የሚል ቀልድ ከእነሱ ቀድሞ ይደርስ ነበር። ሚያዝያ 2009 ዓ.ም. ላይ የቢሾፍቱው የአህያ ቄራ በሕዝብ ቁጣ ሲዘጋ የአህያ ቀልዱ ተራውን ያዘ። አህያ አንበላም ማለት መብታችን ነው፤ እኔም አልበላም። ግን ሰው በሚበላው ነገር እየተሳቀበት፣ የራሱ ምግብ ደግሞ ቅዳሜ ማታ መኩሪያ ሲሆን፣ አንድ የጎደለ ነገር አለ። በውጭ አገር “በእጃቸው የሚበሉ” እየተባሉ የተሳቀባቸው ወገኖቻችን ይህን ስሜት ያውቁታል። ዋሽንግተን ላይ ክትፎ ሲቀርብ “ጥሬ ሥጋ!” ብሎ ፊቱን የሚያኮማትርን ፈረንጅ ስንት ጊዜ ረግመናል?

እንግዲህ ሰበታና እስያ ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል። የሚያገናኛቸው ያው ዓይን ነው። ሳሕኑን የሚፈልግ፣ ሰውየውን የማይፈልግ።

አንድ ወዳጄ ይህን ሁሉ ሲሰማ “አንተ ደግሞ ሁሉን ነገር ፖለቲካ ታደርገዋለህ፤ ሰው ጥብስ ይብላበት!” አለኝ። ይብላ። ፖለቲካውን ግን እኔ አላመጣሁትም፤ ሜዳው ላይ የነበረ ነው። አዲስ አበባን ከዙሪያዋ ከተሞች ጋር ያቀናጃል የተባለው ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ተቃውሞ ሲያስነሣ፣ በ2008 ዓ.ም. ኅዳር እንደገና ሲያገረሽና በጥር ወር ተሰርዟል ሲባል፣ በመካከሉ ወጣቶች ሞተዋል። የገበሬው ጥያቄ “መሬቴ በማን ዋጋ ነው የሚሄደው?” ነበር። በ2009 ዓ.ም. መባቻ ሰበታ አካባቢ ፋብሪካ ተቃጠለ፤ እዚያ ይሠሩ የነበሩት ሰዎች እንጀራም አብሮ ተቃጠለ። መስከረም 2011 ዓ.ም. ላይ ደግሞ ቡራዩ ውስጥ ሰዎች በማንነታቸው ተገደሉ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃን አዝለው ወደ አዲስ አበባ ሸሹ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠለሉ። በ2015 ዓ.ም. ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታና ሌሎቹ ተጠቃለው ሸገር ከተማ የሚባለው አስተዳደር ተቋቋመ፤ በዚያው ዓመት ብዙ ቤቶች፣ መስጊዶችም ሳይቀሩ ፈረሱ። ቤቱ የፈረሰበት ሰው የዳስ ሸራ ሥር ሲያድር፣ ገንዘቡን ለደላላ ከፍሎ “ሕገ ወጥ” የተባለው ሰው ፍርስራሹ ላይ ቁጭ ሲል፣ እኛ የከተማው ሰዎች የጠየቅነው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር።

“መንገዱ ሰላም ነው ወይ?”

ሰው ደህና ነው ወይ አላልንም። መንገዱ ነው ያሳሰበን። መንገዱ ሰላም ከሆነ ቅዳሜ ይወጣል፤ ካልሆነ ወደ ቢሾፍቱ ይታጠፋል። ለእኛ እነዚህ ከተሞች መንገድና ሣር ናቸው፤ ሲታመሙ የሚጠየቁ ጎረቤቶች አይደሉም። “እንደ ቱሪስት ሄድክባቸው” ብዬ እንኳ አልሳደብም፤ ቱሪስቱ መቼም ከመምጣቱ በፊት ስለ አገሩ አንድ መጽሐፍ ያነባል፣ ሰላምታውንም በአገሩ ቋንቋ ይለማመዳል። እኛ ጃፓን ቤት ገብተን “አሪጋቶ” ለማለት ምላሳችንን እናፍታታለን። ከቤታችን ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ላይ ላለ ጎረቤት “አካም ጅርቱ” ለማለት ግን የት እንደሚሸጥ የማይታወቅ ድፍረት ይፈልጋል መሰለኝ። በቋንቋው ሰላም የተባለ የሱሉልታ ሽማግሌ እርጎውን በስንት እንደሚሸጥላችሁ አንዴ ሞክራችሁ እዩ።

ደግሞ ሌላ ዓይነት ተከራካሪ አለ፤ ሰብሰብ ያለ፣ ኢኮኖሚ የተማረ። “እኛ ስንሄድ ገንዘብ ይገባቸዋል፤ ሪዞርት ይሠራል፣ ሥራ ይፈጠራል” ይላል። ግማሹ እውነት ነው። እርጎ የምትሸጠዋ እናት፣ ፈረስ የሚያከራየው ልጅ፣ በቆሎ የምትጠብሰዋ ቅዳሜን ይጠብቃሉ፤ እኛ ብንቀር ይጎዳሉ። ቀሪው ግማሽ ግን አጥሩ ነው። ሪዞርቱ ሲመጣ አጥር ይመጣል፤ አጥሩ ሲመጣ የግጦሽ መሬቱ ውስጥ ይቀራል፤ ላሟ ውጪ። ከዚያ የእርጎዋ እናት ሪዞርቱ በር ላይ ቆማ ጥበቃው “ዞር በይ” ይላታል፤ ውስጥ ደግሞ ከከተማ የመጣ እርጎ በብርጭቆ ይሸጣል። መሬቱን የለቀቀው ገበሬ ልጅ ዕድለኛ ከሆነ ጥበቃ ሆኖ ይቀጠራል፤ እናቱን ዞር በይ የሚላትም ያው እሱ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የምትሄዱ ሂዱ። ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ተመለሱ፣ ልጁን ስሙን ጠይቁት፣ ለፈረሱ የጠራውን ክፈሉት፤ ጠጥታችሁ አትንዱ፤ “አገኘን” የምትለዋን ቃል ደግሞ እባካችሁ ለጠፋ ቁልፍ አቆዩዋት።

ባለፈው መኸር ሱሉልታ ላይ ድርቆሽ ሲከምር ያገኘሁት አንድ ገበሬ፣ ከብቶቹ መሃል እየተጋደሙ ፎቶ የሚነሡትን የከተማ ልጆች መንሹን ተደግፎ ሲያያቸው ቆየና ወደ እኔ ዞረ።

“እነዚህ ልጆች ቤታቸው ሣር የለም?” አለኝ።

“የለም፣ አባቴ” አልኩት።

ትንሽ አሰበ። “ታዲያ” አለ ክምሩን እያሳየኝ፣ “አንድ ሁለት እስር ለምን አይገዙኝም?”